የቱታው ኪስ

የሰው ኪስ መበርበር ልማዴ አይደለም። ልብስ ማጠብ ግን ልማዴ ነው፤ ኪሱን ሳያይ ቱታ ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ካለ ደግሞ ቂል ነው። አማቼ፣ የአንድያ ልጄ ባል፣ የውሃ መስመር ጠጋኝ ነው። ሁለት ቱታ አለው፤ አንዱን ሲለብስ አንዱን ከነጭቃው በረንዳው ላይ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ይጥልልኛል። ኪሱን አይቶት አያውቅም። የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ብሎን፣ የጎማ ቀለበት፣ የተጨማደደ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ለልጁ ገዝቶ ሳይሰጣት የረሳው ከረሜላ ከነወረቀቱ ሟሙቶ። «አንተ ሰው፣ ኪስህን ገልብጠህ ስጠኝ ስንቴ ልንገርህ?» እለዋለሁ። «እርስዎ እያሉ ምን አስጨነቀኝ፣ እማማ?» ይለኛል። ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲህ ስንባባል ኖርን።

ዛሬ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ እጄን የደረት ኪሱ ውስጥ ሰደድኩና ሦስት እሽግ ይዤ አወጣሁ። ስሙን መጥራት ያሳፍረኛል። ጤና ጣቢያው በር ላይ በካርቶን ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ በነፃ የሚታደለው ያ ነገር ነው። እኔ ግፊቴን ልለካ ስሄድ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው በካርቶኑ አጠገብ የማልፈው። ሁለቱ እንደታሸጉ ናቸው፤ ሦስተኛው ተቀዷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ደሜ ፈላ። ልጄ ሁለተኛ ልጅ ልትወልድ ፈልጋ ዓመት ሙሉ ቀን ስትቆጥር፣ ወር በመጣ ቁጥር ፊቷ ሲከፋ አይቻለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ይሄ ነገር ምን ሥራ አለው? ሥራ ካለውም ውጭ ነው። እንዲህ አሰብኩ። ሌላ ነገር ማሰብ እንደሚቻል ትዝም አላለኝ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ቀን ቀን ሱቅ፣ ማታ ማታ መኝታዬ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ስኳር፣ ጨው፣ ሩዝና የሻይ ቅጠል በትንንሽ ላስቲክ እየመዘንኩ እሸጣለሁ። ሰፈሩ «እማማ ሚዛን» ይለኛል፤ ሲያሙኝም ሲያመሰግኑኝም በዚሁ ስም ነው። የኋለኛው ክፍል የነሱ ነው። ልጄን ጎትቼ ከሩዙ ጆንያ አጠገብ አቆምኳትና እሽጎቹን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። «ከባልሽ ኪስ ነው» አልኳት በሹክሹክታ። የኔ ሹክሹክታ ግን የሰው ሹክሹክታ አይደለም፤ የግድግዳ ተጋሪያችን ሬዲዮኑን ሲቀንስ ሰማሁት። ልጄ መዳፏን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም አላለችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እሱ ፊቱን ታጥቦ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ገባና «ምን ሆናችኋል?» አለ። እኔ ስኳር መመዘን ጀመርኩ። እሷ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጫማ ማሰር ያዘች፤ ቀና አላለችም። «አንቺ፣ ምን ሆነሻል?» አላት ደግሞ። ሌላኛውን ጫማ አነሳች። የምሳ ዕቃው ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሁልጊዜ በእጇ የምትሰጠው እሷ ናት። ዛሬ አልሰጠችውም፣ እሱም ሳትሰጠው አላነሳም። ትንሽ ቆሞ ጠበቀና ሄደ። እሱ ከወጣ በኋላ ልጄ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ከታ «አክስቴ ጋ አደርሳትና ሥራ እገባለሁ። ማታም እዚያው ነው የምናድረው» አለች። «ለስንት ቀን?» ብላት «እኔ እንጃ፣ እማዬ» ብላኝ ወጣች። የፌስታሉ መጠን የአንድ ቀን አልነበረም።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ቢሆን ኖሮ! «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል የሰማሁት ዛሬ አይደለም፤ ሰው ሲጣላ ለማስታረቅ ስጠራ እኔው ራሴ የምናገራት ናት። ግን እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ መስኮቴን ዘጋሁ። ሰፈራችን ከትናንት ጀምሮ ውሃ የለውም፤ ትልቁ መስመር ከአደባባዩ በታች ፈንድቶ እነ አማቼ እዚያ እየቆፈሩ እንደሆነ ያላወቀ የለም። ያካፋል። ታክሲው ከአምስት ብር ስምንት ገብቷል፤ በንዴቴ ላይ ስምንት አልጨምርም ብዬ በእግሬ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን እየተለማመድኩ ነበር፤ አንዱን ቃል አነሳለሁ፣ ከሱ የከረረ ሳገኝ እጥለዋለሁ። ባዶ ጄሪካን የያዙ ሁለት የሰፈሬ ሴቶች «እማማ ሚዛን፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?» አሉኝ። «ጉድ ላሳያችሁ፣ ኑ» አልኳቸው። ተከተሉኝ። ምስክሮቼን በገዛ እጄ ጎትቼ ሄድኩ ማለት ነው።

ጉድጓዱ ከፊተኛው ክፍላችን ይሰፋል። ዳርና ዳሩ ጭቃ ተቆልሏል፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ጆሮ ይሰነጥቃል፣ ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ ዙሪያውን ቆሟል። አማቼን ባልደረቦቹ «ቀጭኑ» ነው የሚሉት፤ ከቧንቧው ሥር ሾልኮ መግባት የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርደው እሱ ነው። እስከ ወገቡ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ጫፉ ላይ ቆሜ ጀመርኩ። ሞተሩ ስለሚጮህ እኔም ጮህኩ፤ ክህደቱን፣ ያበላሁትን፣ ያጠብኩለትን፣ የልጄን የዋህነት፣ ምኑ ቅጡ! እሱ ከታች አፌን ያያል እንጂ አይሰማኝም፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አቤት እማማ? ሰላም ነው ቤት?» ይለኛል። ልክ ያኔ ሞተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ አለ። የኔ አፍ ግን አልቆመም። «ሚስትህ ልጅ ልጅ ብላ ስታለቅስ፣ አንተ በኪስህ ኮንዶም ይዘህ ትዞራለህ!» ስል በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሃል የራሴን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ስሙን መጥራት ያሳፍረኛል ያልኩት ሴትዮ፣ ለአደባባዩ ሁሉ ጠራሁት። የልጄንም የጓዳ ምስጢር አብሬ ዘረገፍኩት።

«ፎቶ! ቀጭኑ፣ ፎቶውን! ውሃው ሳይመለስ!» ብሎ ፎርማኑ ጮኸ። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ ደንብ አውጥቷል፤ ስብራቱ ሳይጠገንና ከተጠገነ በኋላ እዚያው ፎቶ ተነስቶ ካልተላከ ጉድጓዱ እንዳልተቆፈረ፣ ቀኑም እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው። ስልኩ ግን የየራሳቸው ነው። አማቼ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ጠዋት ሚስቱ ፊቷን ያዞረችበት ምክንያት አሁን ገና እንደገባው ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ሄልሜቱን አወለቀና ከውስጡ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ያንን ነገር ለብሷል። ከላይ እስከ ታች ተወጥሮበታል፣ አፉም እንደ ስኳር ላስቲክ ተቋጥሯል። ከስብራቱ የሚረጨው ውሃ ፊቱን እየመታው ጎንበስ ብሎ አነሳ፤ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ከላዩ ጠረገ፣ በዚያው በሽፋኑ ላይ ነካ ነካ አድርጎ ላከው። ከዚያ መልሶ ሄልሜቱ ውስጥ ከተተና ራሱ ላይ ደፋው።

መጀመሪያ የሳቀው አንድ ጄሪካኑ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሁለቱ ምስክሮቼም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ። እኔ ኩም አልኩ። አንድ ሸበቶ ሠራተኛ አካፋውን ጭቃው ላይ ተክሎ ወደኔ መጣና የራሱን ስልክ ከኪሱ አወጣ፤ ያው ነው፣ ለብሷል። «እናቴ፣ እኛ ሁላችንም እንዲሁ ነን» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውሃም አሸዋም አያስገባም። ጭቃ ሲነካው አውልቆ ሌላ ማልበስ ነው። ቢሮው ሽፋን የሰጠው ለፎርማን ብቻ ነው።» እውነትም ፎርማኑ አንገት ላይ ወፍራም ጎማ የለበሰ ስልክ ተንጠልጥሏል፤ ስለሱ መወራቱን ሲያውቅ ነዳጅ ፈላጊ መስሎ ዘወር አለ። ሸበቶው ግን አልጨረሰም፤ ባይቀጥል በወደድኩ። «መጀመሪያ እኮ በላስቲክ ልናደርገው ነበር። ቀጭኑ ‹አማቴ ስኳር የሚያሽጉበት ላስቲክ አላቸው፣ ለሁላችንም አመጣለሁ› አለን። በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ። ‹አልቆባቸው ነው፣ ቢኖራቸው ደስ ባላቸው› አለን። ከዚያ ነው ጤና ጣቢያ የሄድነው። እጁን ካርቶኑ ውስጥ ሲሰድ ከሁላችንም ያፈረው እሱ ነው።»

አልቆብኝ አልነበረም። የዛሬ ወር አካባቢ፣ ማታ፣ አምስት መቶ ፍሬ ላስቲክ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ እያለ ነው የጠየቀኝ። «እማማ፣ ከነዚህ ትንሽ ቢሰጡኝ፤ ለስልክ ነው፣ ለጓደኞቼም» አለኝ። «ላስቲክ እኮ ከዛፍ አይለቀምም» አልኩት፣ እጄም ሥራውን አላቆመም። ሳቅ ብሎ ተነሳ። ከዚያ በፊት የነበረው ስልኩ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገብቶበት የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነው የሆነው። ሩዝ ውስጥ ቢቀበር ውሃውን ይመጥለታል ተብሎ ከጆንያዬ ቆንጥሬ በሳህን ሰጠሁት፤ ሦስት ቀን ተቀብሮ አልተነሳም። «ስልክ መጠበቅ ያቃተው ሰው ሚስት ይጠብቃል?» አልኩ፣ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ እየሰማ። ደንበኛው ሳቀ፣ ልጄ አልሳቀችም። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ሩዙንም መልሼ ሸጥኩት። አሁን ግን እሱ ለጓደኞቹ ስለኔ ምን እንዳለ ሰማሁ። ቢያማኝ ኖሮ ዛሬ የምይዘው ነገር ነበረኝ።

«እማማ» አለኝ ከጉድጓዱ። ሰዉ ሁሉ ምን ሊል ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ። «ጫፉ ያዳልጣል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ።» ይኸው ነው ያለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቧንቧው ተመለሰ። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል፤ እኔ እንዳልል መሬቷ እዚያው ተከፍታ ነበር፣ ግን እሱ አለባት።

ልጄ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ድረስ የሄድኩት እንዴት እንደሆነ አላውቅም። በመንገዱ ላይ ግን አንድ ነገር እየተመላለሰ ይወቅሰኝ ነበር። የሚደብቀው ያለው ሰው ኪሱን ለአማቱ ይሰጣል? አራት ዓመት ከነጭቃው፣ ከነብሎኑ፣ ከነምኑ የሰጠኝ ሰው! ሚዛን የሚሉኝ እኔ፣ ይህችን መመዘን አቃተኝ። ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት መስታወት፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር፣ ላዩ ተሰርዞ አዲሱ ዋጋ ከጎኑ ተጽፎ። ልጄ የአንዲት ሴት ፀጉር ይዛ ነበር። «ነይማ ወደ ውጭ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ሥራ ላይ ነኝ። እዚሁ ንገሪኝ» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «ሰው አለ እኮ።» «ጠዋትስ ሰው አልነበረም? ግድግዳው የኛ ብቻ መሰለሽ?» እውነቷን ነው። ስለዚህ ካስክ ሥር ባለችው ሴት፣ ጥፍሯን በምትቀባው ልጅ፣ በባለቤቲቱ ፊት፣ ያንን ስም ለሁለተኛ ጊዜ ጠራሁት። ለስልክ እንደሆነ ነገርኳት፤ ውሃ እንዳይገባው፣ አሸዋ እንዳይቧጭረው። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ያልኩትንም ነገርኳት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ። ካስክ ሥር ያለችው ሴትዮ ከት ብላ ሳቀች፤ «የኔውስ ሽቅርቅር ስልኩን እንኳ እንዲህ ቢጠብቅልኝ!» አለች። ልጄ አልሳቀችም።

ማበጠሪያውን አስቀመጠችና እጆቿን ጠረገች። «አንቺስ ነገርሽኝ» አለች። «እኔ ግን አንድም ቃል ሳልጠይቀው አመንኩሽ። ሁለት ጊዜ ምን ሆነሻል አለኝ። ምሳውን እንኳ አልሰጠሁትም።» ለሷ የምላት ፈለግኩ፤ ይቅርታ የሚባለው ቃል በቤታችን ብዙ ጊዜ ስለማይነገር አፌ አላወቀበትም። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አልኩ በመጨረሻ፣ ለሷ ሳይሆን ወለሉ ላይ ለወደቀው ፀጉር። «ማታ እመጣለሁ» አለችኝ። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።» ሴትየዋን ወደ መስታወቱ አዞረቻትና ሥራዋን ቀጠለች። ወጣሁ።

ሰፈር ለመግባት አፍሬ ስዞር ውዬ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስደርስ ውሃ መጥቷል። ቧንቧው ሁሉ ተከፍቶ፣ ሴቱ ወንዱ ባልዲና በርሜል ይሞላል። «እማማ ሚዛን፣ አማችሽ እጁ ይባረክ!» ይሉኛል። ያ ጠዋት የሳቀው ሰውዬ ሳይቀር ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ሲያልፍ «ቀጭኑን ሰላም በሉልኝ» አለኝ፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። መስኮቴን አልከፈትኩም። ላስቲኮቹን አወጣሁና ደህና ደህናውን፣ ወፈር ያለውን መረጥኩ፤ በመቶ በመቶ ልቆጥር ጀምሬ እጄን ያዝኩት። ሳልቆጥር አንድ ትልቅ እሽግ አደረግኩና ጠረጴዛው ላይ፣ ሳይበላ ከዋለው የምሳ ዕቃ አጠገብ አስቀመጥኩ።

ልጄ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፤ ልጅቷንም ፌስታሉንም ይዛ። ልብሱን መልሳ ቦታው ስታስገባ አየሁና ትንፋሼ ተመለሰ። እሱ ትንሽ ቆይቶ ገባ። ልጅቷ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች፤ «ጭቃ ነኝ፣ ጭቃ ነኝ» እያለ ሳቀላት። ልጄ ምሳውን አሙቃ በእጇ ሰጠችው። «የጠዋቱን…» ብላ ጀመረች። «ተይው» አላት፤ እጇን ግን ከምሳ ዕቃው ጋር አብሮ ያዘው፣ ቶሎም አልለቀቀውም። እነሱ ደህና ናቸው። እኔ ጥጌ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። በሦስተኛው የወጣው «ላስቲክ አለ፤ ለጓደኞችህም ይበቃል» የሚል ነው። ቀና አለና እሽጉን አየው። ተነስቶ በሁለት እጁ አነሳው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ። ድምፁ የወትሮው ነው፣ አክብሮቱም የወትሮው። እንግዲህ አለፈ አልኩ በልቤ። እሱ ቱታውን ሊቀይር ወጣ፤ ተመልሶም ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከረሜላዋን በእጁ ላጠላት።

ላጥብለት ብዬ ተሽቀዳድሜ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ምላሴ ያልቻለውን ክንዴ ይካስ ብዬ ነው። ቱታው እንደ ወትሮው ከበርሜሉ አጠገብ ነበር፤ እንደ ወትሮው ግን አልተጣለም፣ ታጥፎ ተቀምጧል። አነሳሁት። የደረቱ ኪስ ተገልብጧል። የግራ ጎኑም፣ የቀኝ ጎኑም፣ የኋላውም፤ አራቱም ተገልብጠው ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ አንድ ብሎን እንኳ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ስለምነው እሺ ብሎኝ የማያውቀውን፣ ዛሬ ሳልጠይቀው አደረገው። ውስጥ ልጅቷ ትስቃለች። ቧንቧውን ከፈትኩና ቱታውን ነከርኩት።